ቀጭን ሁሉ ቀላል አይደለም

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ማንም አያነበውምና ልናገር። ዛሬ ስለ ላፕቶፕ ልጠይቅ ሱቅ ገብቼ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ሻጩ ሁለት ጊዜ ምን ልርዳሽ አለኝ። በሁለተኛው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁና ቀጠሮ እንዳለው ሰው ተጣድፌ ወጣሁ። ቀጠሮ የለኝም። በሕይወቴም ቀጠሮ ኖሮኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። በትልቁ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከሌሎች ስድስት ጸሐፊዎች ጋር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ባለጉዳይ ይመጣል፣ የደረሰበትን ይናገራል፣ አባዬ አሳጥሮና አስተካክሎ ይጽፍለታል። ከዚያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዘን ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት እናሳትማለን። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ አብሬው እውላለሁ። ሥራዬ መሸከም ነው። ኮምፒውተራችን የወፍጮ ድንጋይ ያክላል። ባትሪው ከሞተ ቆየ፤ ገመዱ ሲነቀል ነፍሱም አብሮ ይወጣል።

ዛሬ ጠዋት ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ማቆም ክልክል ነው፤ የመብራት መስመሩም ይቆረጣል። ሰው ተቀምጦ መጻፍ ግን አልተከለከለም። አባዬ መነጽሩን ቤት ረስቶ ስለነበር እኔ በጆሮው አነበብኩለት። ከዚያ ጭን ላይ የሚያርፍ፣ ያለ ገመድ ውሎ የሚገባ ያስፈልገናል አለ። ቀጥሎም፦

"አንቺ ምረጪው።"

እኔ?

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ወሬው በማን በኩል እንደደረሳት አላውቅም፤ ማምሻውን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጋት አባዬ ነው፤ ስለዚህ እሱን ስታናግር ድምጿ ዝቅ ይላል። ያጠራቀመችውን ድምፅ በኔ ላይ ታወጣዋለች።

ዋጋውን እኔ እችላለሁ አለች። አባዬ አይሆንም ሊል ሲጀምር ሜትሯን አፉ ላይ ዘርግታ እንደ መስኮት ለካችው። ሳቀና ተሸነፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፦

"አንዴ ነው የምገዛው፣ ሁለተኛ የለኝም። ርካሹን አንስታችሁ በስድስት ወሩ እንዳታለቅሱብኝ። ደህናውን፣ ቀጭኑንና ቀላሉን ምረጪ። ከተሳሳትሽ በረንዳው ቀረ ማለት ነው።"

ከተሳሳትሽ ነው ያለችው። ከተሳሳታችሁ አላለችም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ሱቁ ሄድን፣ ከአክስቴ ጋር። ሻጩ አወቀኝ፤ ቀጠሮሽ ደረሰልሽ ወይ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በረንዳው ላይ ይህን ሰውዬ ግራም ይሉታል። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ የወጥ ቤት ሚዛን አለች። የጠየቅሽውን ላፕቶፕ መጀመሪያ እሷ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቁጥሩ እስኪረጋ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሕፃን እንደሚመዝን ሐኪም ይጠብቃል። ከዚያ ክብደቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። ስለ ባትሪ አክስቴ ስትጠይቀው፣ ፋብሪካው አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል፣ እናንተ ስምንት ብላችሁ ያዙ፣ የፋብሪካ ሰዓትና የሰው ሰዓት አንድ አይደለም አለ። ያን ጊዜ ወደድኩት። ግን አልነገርኩትም።

ሦስት አሳየን። አንዱ ብርማ ነው፣ ክዳኑ ፊት ያሳያል። አክስቴ እሱን ስታይ የምትሰፋው ሐር ጨርቅ የመጣላት መሰለች። ሁለተኛው ከሁሉ ቀጭን ነው። ከዚህ ደብተር አይወፍርም፤ ሲከፈት ድምፅ እንኳ የለውም። እንደኔ ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛው ጥቁር፣ ፈዛዛ፣ ጠርዙ ወፈር ያለ፣ በጎኑና በጎኑ ቀዳዳ የበዛበት። አክስቴ የዘበኛ ሬዲዮ ነው የሚመስለው ብላ ሚዛን ላይ ሳይወጣ አስመለሰችው።

ቀጭኑ፦ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ አርባ። ብርማው፦ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ።

እኔ ቀጭኑን ወደድኩ። በዓይኔ ብቻ።

ሰኔ 8፣ እሁድ

አባዬ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው። በዚህ ገጽ ጥግ ላይ ያለው ቡናማ ነገር እሱ ነው። አምፖሉ ደክሟል አለ። እውነቱን ነው፣ ቤታችን ጨለም ይላል። ባለፈው ሳምንት እገዛለሁ ብዬ ረስቼው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ሳልረሳ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

አዲስ አምፖል ገባ። ቤቱ ቀን መሰለ፤ ከአልጋው ሥር የጠፋብኝን መርፌ ሳይቀር አየሁት። አባዬ ግን አሁንም ደከም ያለ ነው ይላል። አምፖል ሻጩ አታሎኝ ይሆናል። ከዚህ ከፍ ያለው ይኖር እንደሆን እጠይቃለሁ፣ ማለት መጠየቅ ከቻልኩ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ዛሬ ብቻዬን ሱቅ ገባሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ አለፍኩ፤ በአራተኛው ዝናብ ጀመረና ሳልወድ አስገባኝ።

ግራም ምንም አልጠየቀኝም። ብርማውንና ቀጭኑን ከፍቶ አስቀመጠልኝና የሌላ ደንበኛ ቻርጀር ሊፈልግ ጓዳ ገባ። አውቆ ይመስለኛል።

ብርማውን ጭኔ ላይ አደረግኩና ሩብ ሰዓት ጻፍኩበት። ከቀሚሴ በታች እንደ ካውያ ጋለ። ቀረ። ቀጭኑ ግን አልጋለም። እጆቼን ቁልፎቹ ላይ አስቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ "ለሚመለከተው ሁሉ" ብዬ ጀምሬ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። አንድም ስህተት አልነበረውም። ዓይኔን ስገልጥ ግራም ከፊቴ ቆሟል።

"እህቴ፣ ይህን የት ነው የተማርሽው?"

አልመለስኩለትም። እዚህ ልመልስለት። አባዬ ሲያስተምረኝ እጆቼን በመሐረብ ይሸፍናቸው ነበር። ሕጉ አንድ ነው፦ ጸሐፊ ቁልፍ አያይም፣ ስክሪንም አያይም፤ ዓይን ለባለጉዳዩ ፊት ነው። ሰው ፊቱን እያዩት ሲናገር አይዋሽም፣ ቢዋሽም ያፍራል ይላል። ጣት መንገዱን ራሱ ያውቃል። ሁለቱ አመልካች ጣቶች የሚያርፉባቸው ቁልፎች ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ እነሱን ካገኘሽ ሌላው ሁሉ ሰፈርሽ ነው።

እኔ ጣቶቼን አስተካክያለሁ። የሚቀረኝ ፊት ማየቱ ነው። ሰው ሲናገር ጫማውን ነው የማየው። የባለጉዳዮቹን ጫማ ሁሉ አውቃለሁ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ስምንተኛ ክፍልን ለምን እንዳቆምኩ ሰው ሲጠይቅ የቤት ውስጥ ሥራ በዝቶባት ነው ይላሉ። እኔም እንደዚያ እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ተነስተሽ አንብቢ ተባልኩ። ቆምኩ። መጽሐፉ ፊቴ ነው፣ ፊደሉን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ድምፁ ግን እምቢ አለ። ክፍሉ መጀመሪያ ጠበቀ፣ ከዚያ ሳቀ። በማግስቱ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ሆዴን እንዳመመኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

በረንዳው ላይ ስሜ ጭጭ ነው። ያወጣችልኝ ከአባዬ አጠገብ የምትቀመጠው ጸሐፊ እትዬ ማኅተም ናት። እሷንም የሚጠሯት በቅጽል ነው፤ ወረቀት ሁሉ ላይ ማኅተም እንደሚያሳርፍ ሰው በቡጢ ስለምትመታ።

ሰኔ 15፣ እሁድ

አክስቴ ለምሳ መጥታ ነበር። ሳህን ሳጥብ ድምፃቸውን ሰማሁ። አክስቴ ያለወትሮዋ በሹክሹክታ፦ "ጋሽዬ፣ እስከ መቼ ነው የምትደብቃት?" አለች። አባዬ እስክትመርጥ አለ። ውሃውን ዘጋሁ። እነሱም ዝም አሉ።

ስለ ዋጋው ይሆናል። ከሚነግሩኝ በላይ ውድ ነው ማለት ነው። አክስቴ ማክሰኞ ዕለት አባዬን ይዛው የሄደችውም ለዚህ ነው የሚሆነው፤ ለመጋረጃ ልኬት አግዘኝ አለችው። አባዬ መጋረጃ ሲለካ አይቼው አላውቅም።

ሁለተኛው አምፖልም ገብቷል። ከፍ ያለው ነው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ግራም ቀጭኑን ለሁለት ቀን ሰጠኝ! አክስቴ ዋስ ሆነች። ሞክሩት፣ ኮምፒውተር እንደ ጫማ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ይስማማል አለ። በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ሁለት ብቻ፣ ያውም የጉንዳን በር የሚያክሉ ናቸው። ፍላሻችን አይገባባቸውም። ለዚያ አጭር ቅጥያ ገመድ ጨመረልኝ።

ቤት ስመጣ አባዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ ትከሻሽን ከበደሽ ወይ ብሎ ነው። እንደ ላባ ነው አልኩት። ቀጥሎ እጅሽ ይመቸዋል ወይ አለ። ይመቸዋል አልኩ። ስለ እጄ ለምን እንደጠየቀ አልገባኝም። እጁ የሚጽፍበት እሱ ነው።

ነገ በረንዳ ላይ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ፣ ቀን

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ። ወረቀቱ ሁሉ የተበላሸ ነው። አንድም ቃል የለውም። መሥሪያ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እመለሳለሁ።

ሰኔ 19፣ ማታ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከሰዓት አንዲት ሴትዮ መጣች። ነጠላ ጫማ፣ የግራው ማሰሪያ በሽቦ የታሰረ። ወንድሟ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳለ ሞተ። የመሳሪያ ሳጥኑን መሥሪያ ቤቱ አልሰጥም አላት፤ የኛ ንብረት ነው፣ የራሱ ከሆነ ዘርዝረሽ እስከ ዛሬ በጽሑፍ አመልክቺ አሏት። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። የወንድሟ ልጅ በሳጥኑ ሥራ ሊጀምርበት ይፈልጋል።

አባዬ ቀጭኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ወትሮው ፊቷን እያየ፣ "ከየት ልጀምርልሽ?" አላት። ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚጀምረው። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። የከሰዓት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አርፎ መስታወት አደረገው፤ የኔን ግንባርና ምሰሶውን እንጂ አንድ ፊደል አላየሁም። አባዬን ግን ምንም አልቸገረውም። ለአፍታ እንኳ አላጋደለውም። የሱ ዓይን ከኔ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ፍላሹን ይዤ ተሻገርኩ። የታተመው ከላይ እስከ ታች ትርጉም የሌለው ነገር ነው። አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ስቶ፣ ሙሉውን ገጽ እንደሳተ ነው የጻፈው። ጉብታዎቹን ፈልጓል፤ ቀጭኑ ላይ ግን ጉብታዎቹ ለስም ናቸው፣ ፀጉር እንኳ አያክሉም።

ሱቅ ውስጥ እኔ ለምን አልሳትኩም? ዓይኔን ከመጨፈኔ በፊት እጆቼን እያየሁ ነው ያስቀመጥኳቸው። አይቼ ጨፈንኩ። ያ ፈተና አልነበረም። ቀጭንነቱን እያደነቅኩ ዋናውን ረሳሁ።

ስመለስ እትዬ ማኅተም ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ አየችው። ለበረንዳው ሁሉ እንዲሰማ፦ "ይኼ ማመልከቻ ነው ወይስ ዶሮ የጫረው?" አለች። ሳቁ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። አባዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ እጄ ሳተ አለ። እንደዚያ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ምን እንደነካኝ እንጃ። ኮምፒውተሩን ከጭኑ አነሳሁ። ደረጃው ሥር፣ ጥላው ውስጥ ገብቼ ለፀሐይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ዝም የሚል ሰው ትርፉ ይኼ ነው፣ ምንም አያመልጠውም። ሁለት ፒንሳ፣ አንደኛው ጥርሱ የተሸረፈ። እጀታው በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ መዶሻ። ሦስት የቧንቧ መፍቻ፣ ትልቁ ላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በሚስማር የተጫረበት። ውሃ ልክ። የአባታቸው የነበረች መጋዝ። ሁሉንም በተራ ጻፍኩት፤ ከዚያም አባዬ እንደሚያደርገው ጥያቄውን በመጨረሻ በሁለት መስመር አሰርኩት።

ተሻግሬ ከማሳተሜ በፊት አባዬ አንብቢላት አለኝ። ለራሷ እንድታነበው ላቀብላት ስል፦

"ለሷ አንብቢላት፣ ለኔም። ጮክ ብለሽ።"

ክፍሉ ትዝ አለኝ፣ ሳቁም። የሴትዮዋን ጫማ አየሁ፤ ያ ሽቦ። ሽቦውን እያየሁ ጀመርኩ። መጀመሪያው መስመር ተሰበረ፣ ሁለተኛው ቆመ፣ መጋዟ ጋ ስደርስ ድምፄ የራሴ ነበር። ስጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ሴትዮዋ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋለች። እትዬ ማኅተም ወደ ራሷ ወረቀት ዞረችና አንድ ማኅተም መታች፣ በቀስታ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ማመልከቻው ገባላት።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

አልተኛሁም። አባዬ ስክሪኑን አንዴ ዝቅ ብሎ ቢያይ ኖሮ ያውቅ ነበር። ፀሐዩ ነው። ፀሐዩ ለማንም አያሳይም ነበር፣ ለኔም አላሳየኝም።

ግን አባዬ መጻፍ ሲጀምር ፀሐዩ ገና ምሰሶው ጋ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ አልደረሰም።

ኮምፒውተሩን መለስኩ። ለግራም፣ በአፌ፣ "ጉብታ የለውም፣ ፀሐይም አይችልም" አልኩት። ሁለት ነገር! ተናገርኩ! እሱም ነገሩን እንደ ዋዛ አላየውም፤ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ ደጋግሞ አሳለፈና እውነትሽን ነው፣ አሥራ አምስት ዓመት ስሸጥ ይህን የጠየቀኝ የለም አለ።

ሐምሌ አንድ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ሳልቸኩልም አፈሰስኩ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ዛሬ አባዬ ራሱ እመጣለሁ አለ። መንገዱን ክንዴን ይዞ ሄደ። ዝናብ የበላው ድንጋይ ስለበዛ ነው። የሱቁ ደረጃ ስንት ነው አለኝ፤ ሦስት አልኩት፤ ሦስት ቆጥሮ ወጣ።

ግራም ያን ጥቁሩን፣ የዘበኛ ሬዲዮውን አወጣ። አባዬ አልተቀመጠበትም። ወንበሩን ለኔ ገፋውና ዓይንሽን ሱቅ ሳትገቢ እንደጨፈንሽ አድርጊ አለ፤ ማለትም እጄን እያየሁ እንዳላስቀምጥ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ጣቶቼ ወረዱ፣ ተንሸራተቱ፣ ሁለቱን ጉብታዎች አገኙ። ትንንሽ ናቸው፣ ግን አሉ። ቁልፎቹ ጠለቅ ይላሉ፤ ሲነኩ ምላሽ አላቸው፣ አቤት እንደሚል ሰው። ገጹን ስጨርስ ስህተት አልነበረም። ከሱቁ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ከፈትኩት፤ ስክሪኑ ፈዛዛ ነው፣ ፊቴን አላሳየኝም፣ ፊደሉን አሳየኝ። ፍላሹ ያለ ቅጥያ ገባ። ቀዳዳዎቹን አክስቴ ስትስቅባቸው ነበር።

አባዬ እጁን ቁልፎቹ ላይ በተቀመጡት እጆቼ ላይ ጫነ። የጣቶቼን ርዝመት በጣቶቹ ለካ፣ ትንሿ ጣቴ ዳር እስክትደርስ ተከተላት። ይበቃታል አለ፣ ለግራም። ይበቃታል። ለግራም ሲናገር ስለኔ ነው የተናገረው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ክብደቱ። በወፍራምነቱ ትከሻዬን እንደሚጎትት እርግጠኛ ነበርኩ። ግራም ሚዛኗን ሳብ አደረገና አስቀመጠው። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ቁጥሩ ረጋ፦ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። ከቀጭኑ በታች!

"ቀጭን ሁሉ ቀላል አይደለም፣ እህቴ" አለ። "ቀጭኑ ብረት ነው፤ ይኼ ውስጡ ከሌላ ነገር ነው የተሠራው።"

አክስቴ በስልክ ስትሰማ፣ እንግዲያው የዘበኛ ሬዲዮ ይባረክ አለች።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ባለሽቦዋ ጫማ ተመለሰች። ማሰሪያው አሁንም ሽቦ ነው። ግን ሳጥን ተሸክማለች! ከፍታ አሳየችን፤ ቀዩን ፕላስተር አይቼው የማውቅ ያህል አወቅኩት። ዝርዝሩን ሲያዩ እንዲህ ተለይቶ የሚታወቅ ዕቃ የራሱ ካልሆነ የማን ነው ብለው ሰጧት።

ሌላ ጉዳይ አላት፤ የወንድሟ የሦስት ወር የሥራ ዘመን ከመዝገብ ጎድሏል። አባዬ ተቀመጪ ሲላት ቆማ ቀረች። ጋሼ አይቀየሙኝና፣ ያቺ ልጅ ብትጽፍልኝ አለች። እኔ በጭንቀት አባዬን አየሁት። የተቀየመ ፊት ጠበቅኩ። ይስቅ ነበር። ሰው የከበደ ዕቃ ሲያወርዱለት እንደሚስቀው።

ማክሰኞ ነይ አላት። ማክሰኞ ሐምሌ አንድ ነው።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሦስተኛ አምፖል ገዛሁ። ሻጩ ልጄ ምን ልታበሪ ነው፣ ስታዲየም? አለኝ። አልሳቅኩም። ሰካሁት። ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ ዓይኔ ተጭበረበረ። አባዬ መነጽሩን እየፈለገ ነበር። መነጽሩ ከፊቱ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጁ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር።

ሌላ ነገር ልጽፍ አልፈልግም።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ጥቁሩ ቤት ገብቷል። አክስቴ ከተረፋት የመጋረጃ ጨርቅ ማንገቻ ያለው ከረጢት ሰፍታለት መጣች፤ ውስጡን በስፖንጅ ደርባዋለች። ለሰርግ የማይሆን ነገር ለበረንዳ ሆነ አለች። ከሄደች በኋላ አንድ ነገር አሰብኩ። ጉብታዎቹ ለኔ ጣት ይበቃሉ፤ ለአባዬ ጣት ግን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ለመታ ጣት፣ ያንሱ ይሆናል። በመርፌ ጫፍ ሁለት ጠብታ ሙጫ አንስቼ በሁለቱ ቁልፎች ላይ አሳረፍኩ። ትንፋሼን ይዤ። ሲደርቅ ሽንብራ እንኳ አያክልም፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው።

አባዬን ና ሞክረው አልኩት። ጣቶቹን አወረደ፣ ወዲያው አገኛቸው። ለረጅም ጊዜ እዚያው አቆያቸው።

"ይህን ያደረግሽው ለኔ ከሆነ ፋቂው" አለ። "ላንቺ ከሆነ ይቆይ።"

ምንም አልመለስኩም። በዚህ ቤት ዝምታ በውርስ ነው የሚተላለፈው፤ አክስቴ ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎኔ፣ ድምፄ ሁልጊዜ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዞረና፦

"ልጄ፣ አምፖል መቀየሩ ይብቃሽ።"

አምፖሉ አይደለም። ይኸው ጻፍኩት። አምፖሉ አልነበረም፣ ፀሐዩም፣ መንገዱ ላይ ያለው ድንጋይም። ያን ማክሰኞ ከአክስቴ ጋር የሄደው ዓይኑን ሊታይ እንጂ መጋረጃ ሊለካ አልነበረም። ሐኪሙ ብርሃንና ጥላ አይጠፋብህም፣ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ታያለህ፣ ፊደል ግን ከእንግዲህ የለም ብሎታል። አባዬ ይህን የነገረኝ የሌላ ሰው ማመልከቻ እንደሚነግረኝ ነው፤ አሳጥሮ፣ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ አድርጎ። ጥያቄው፦ ሕጉንና መንገዱን እኔ አውቃለሁ፣ ከጎንሽ እቀመጣለሁ፤ የሚጽፈው እጅና የሚጠይቀው አፍ ግን ያንቺ ይሁን። ለዚህ ነው አንቺ ምረጪው ያልኩሽ።

ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሆዴን ያመኝ ነበር። ያንንም ያውቃል።

አለቀስኩ፣ ብዙ አይደለም። ከዚያ እጁን ይዤ ጣቶቹን እንደገና ጉብታዎቹ ላይ አስቀመጥኳቸውና፣ ሰው እንዲሰማ አድርጌ፣ "ለኔ ነው" አልኩት።

ይቆያሉ።

ነገ ሐምሌ አንድ ነው፤ ጠረጴዛ የለም፣ ገመድ የለም። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ግራም ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። የአባዬን ክንድ እይዛለሁ፣ ደረጃዎቹን ለሱ እቆጥርለታለሁ፤ ስድስት ናቸው። የሱን ወንበር በግራዬ፣ የኔን በመሀል አደርጋለሁ። ባለሽቦዋ ሴትዮ ስትመጣ ጫማዋን አላይም። ጣቶቼ ጉብታዎቹን እስኪያገኙ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ቀና ብዬ ፊቷን አያለሁ፣ እሷ ከመናገሯ በፊትም እኔ እናገራለሁ፦ ከየት ልጀምርልሽ?